ሻምበል አበበ ቢቂላና የረዥም መንገድ ሩጫ

ሐዋርያው ጳውሎስ የመንፈሳዊ ተጋድሎን ነገር ለማስረዳት ምሳሌ በፈለገ ጊዜ የወሰደው የሯጮችን ድካም ነው፤ በዚያ ዘመን በግሪኮች አገር የሩጫ ውድድር የታወቀ ነበረና፥ መልእክቱ የሚነበብላቸው ሰዎች ነገሩን ያለ ብዙ ትርጓሜ ያስተውሉት ነበር። በኢትዮጵያ ግን ሩጫ ከጥንት ጀምሮ የመልእክተኛና የእግረኛ ወታደር ሥራ ሆኖ ይታይ ነበር እንጂ፥ ልክና ሥርዓት ያለው፥ በትምህርት የሚገኝ ጥበብ ነው ተብሎ አይቈጠርም ነበር። ይህን አሳብ ከሥሩ የለወጠው ከሸዋ ገጠር የተነሣው የክብር ዘበኛ ወታደር ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው።

ስለ አበበ ቢቂላ የሚነገረው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። ጫማ የሌለው የባላገር ልጅ ወደ ሮማ ሄዶ ዓለምን አሸነፈ ይባልና ታሪኩ በዚያው ያልቃል። ይህ አነጋገር ለጆሮ ደስ ቢያሰኝም ጕዳት አለበት። ሰውየው ለብዙ ዓመታት በትዕግሥት የፈጸመውን ሥራ ይሸፍንበታል፤ ደግሞም ከእርሱ በኋላ የሚነሡት ወጣቶች ሩጫ ያለ ትምህርትና ያለ ሐኪም በተፈጥሮ ጕልበት ብቻ የሚገኝ ነገር እንዲመስላቸው ያደርጋል። የሕይወቱ ዝርዝር ግን የሚያሳየው ሌላ ነው። አካሉ በልክ በሠለጠነበትና በተጠበቀበት ጊዜ ማንም ካልደረሰበት ደረሰ፤ አካሉ በታመመበት ጊዜ ግን ያው ልብና ያው ጀግንነት እያለው መንገዱን ለመጨረስ አልቻለም።

አበበ የተወለደው በ1924 ዓ.ም. ነሐሴ 1 ቀን ጃቶ በምትባል መንደር ነው። በዚያው ዕለት በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ የኦሎምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር፤ በጃቶ ግን ስለዚህ ነገር የሰማ ሰው እንዳልነበረ ግልጥ ነው። አባቱ ቢቂላ ደምሴ፥ እናቱም ውድነሽ በነበሩ ይባላሉ። ገና ሕፃን ሳለ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አገሩን ስለ ወረረ ቤተ ሰቡ መኖሪያውን ትቶ ወደ ሌላ ሥፍራ ተሰደደ። ካደገም በኋላ እንደ ማንኛውም የባላገር ልጅ ከብት እየጠበቀ፥ ዳገቱን እየወጣና እየወረደ፥ በልደት ሰሞንም ገና እየተጫወተ ኖረ። ጐልማሳም ሲሆን ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ውስጥ በወታደርነት ተቀጠረ።

እዚህ ላይ ስለ አገሩ አቀማመጥ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ከእንጦጦ ባሻገር ያለው የሱሉልታ ሜዳ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ከፍ ባለ አገር አየሩ ስስ ስለ ሆነ በአንድ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክሲጅን ያንሳል፤ ስለዚህም አካል ጕድለቱን ለመሙላት ኦክሲጅንን የሚሸከሙትን የደም ቀይ ሕዋሳት ያበዛል። ከደጋ ወርዶ በቈላ የሚሮጥ ሰው ይህን ትርፍ ይዞ ይወርዳል። ነገር ግን ደገኛነት ብቻውን ሯጭ አያደርግም፤ በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልቦርን የኦሎምፒክ ጨዋታ በተካፈለች ጊዜ የሄዱት ልጆቿ የኖሩት በዚሁ በደጋ አየር ነበር፤ ሆኖም ያለ ሜዳልያ ተመልሰዋል። የጐደላቸው አየሩ ሳይሆን የዓመታት ልምምድና ከሌሎች አገር ሰዎች ጋር ተወዳድሮ የማወቅ ነገር ነበር።

ደግሞም ቀይ የደም ሕዋስ ያለ ብረት አይሠራም። ይህ ብረት የሚገኘው ከምግብ ነው፤ ስለዚህ ዓርብና ረቡዕን፥ ዐቢይ ጾምንም የሚጾም ሯጭ፥ ዛሬም በኢትዮጵያ እንደዚህ ያሉ ብዙ ናቸው፥ ከሥጋና ከወተት በተለየበት ጊዜ ምስሩን፥ ሽምብራውን፥ የጤፍ እንጀራውንና ጐመኑን ማሳነስ የለበትም። ከማዕዱ እንደ ተነሣ ወዲያው ቡናና ሻይ መጠጣት አካል ከእህልና ከአትክልት የሚያገኘውን ብረት እንደሚቀንስበት ሐኪሞች ያስረዳሉ፤ ጥቂት ሰዓት ማቈየቱ የሚበጅ ነው። ሃይማኖቱን አክብሮ የሚጾም ሯጭ ከባዱን ልምምድ ማዕድ ወደሚቀርብበት ሰዓት ቢያስጠጋው ጾሙም ሩጫውም አይጐዳም።

የአበበን ሩጫ በሥርዓት የመሩት ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን ናቸው። እርሳቸው በትውልድ ፊንላንዳዊ፥ በዜግነት ስዊድናዊ ሲሆኑ፥ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የሰውነት ማጐልመሻን ትምህርት ያስተምሩ፥ የክብር ዘበኛንም ወታደሮች ያሠለጥኑ ነበር። አበበ በዚያን ጊዜ ከሱሉልታ ኮረብታዎች እስከ አዲስ አበባ 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ይመላለስ እንደ ነበረ ይነገራል። ጕልበቱ ያለ ጥርጥር ነበረ፤ ልኩ ግን አልታወቀም ነበር። ኒስካነን ከሌሎቹ ለይተው በያዙት ጊዜ ሩጫው በሰዓት መለካት ጀመረ፤ ረዥሙ መንገድ ለብቻው፥ ፈጣኑ አጭር ሩጫ ለብቻው፥ ዳገቱም ለብቻው ቀን ተሰጠው።

የዚህ ሥርዓት ትርጕም ለማያውቀው ሰው ቀላል ይመስለዋል። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ይህን ሙሉ መንገድ በየቀኑ በፍጥነት የሚሮጥ ሰው አይበረታም፤ ይደክማል እንጂ። ሩጫው ጅማትንና ጡንቻን በጥቂቱ ይጐዳል፤ አካል ደግሞ በዕረፍትና በእንቅልፍ ጊዜ የተጐዳውን ይጠግናል፥ በሚጠግንበትም ጊዜ ከቀድሞው ያጠነክረዋል። ስለዚህ አንድ ቀን ከባድ ከተሠራ በማግሥቱ ቀለል ያለ ይሆናል፤ የሚሮጠውም መንገድ ከሳምንት ወደ ሳምንት በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል እንጂ በአንድ ጊዜ አይታጠፍም። ከልብና ከሳንባ ይልቅ አጥንትና ጅማት ቀስ ብለው የሚለምዱ ናቸውና፥ ትንፋሹ በረታ ብሎ መንገዱን በአንድ ጊዜ የሚያረዝም ወጣት እግሩን ያመዋል።

ሥራው በ1952 ዓ.ም. ክረምት ፍሬውን አሳየ። አበበ በአዲስ አበባ በተደረገው የማራቶን ፈተና መንገዱን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ፈጸመ። የቼኮስሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ በ1944 ዓ.ም. በሄልሲንኪ ያቆመው የኦሎምፒክ ታላቅ ሰዓት 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3 ሴኮንድ ነበረ። ይህም ማለት በቆላ አየር የተገኘውን ሰዓት አንድ ወታደር በደጋ አየር፥ ተመልካች በሌለበት መንገድ አሻሻለው ማለት ነው። በሮማ ጋዜጠኞች ዘንድ ስሙ አልታወቀም ነበር፤ ኒስካነን ግን ምን ይዘው እንደ ሄዱ ያውቁ ነበር።

የሮማው ማራቶን የተሮጠው በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን 5 ቀን፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። የቀኑን ሙቀት ለማምለጥ ሲባል ሩጫው ወደ ማታ እንዲጀመር ተደርጎ ነበርና፥ ፍጻሜው በጨለማ ሆነ፤ ወታደሮችም በመንገዱ ዳር ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። አበበ በደረቱ ላይ 11 ቍጥር ለጥፎ ነበር። ከሁሉ ይልቅ እንዲጠነቀቅ የተነገረው ስለ ሞሮኮው ሯጭ ስለ ራዲ ቤን አብደሰላም ነበር፤ እርሱም 26 ቍጥር ይለብሳል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ራዲ ግን ሌላ ቍጥር፥ 185ን ለብሶ ስለ ወጣ አበበ ብዙ መንገድ ከእርሱ ጋር ጐን ለጐን እየሮጠ ሳለ ባለ 26 ቍጥሩ ከፊቱ ያለ መስሎት ይፈልገው ነበር። እንዲህ ያለው ስሕተት ሌላውን ሰው ያስቸኵለውና ያደክመው ነበር፤ እርሱ ግን አካሄዱን አላፋለሰም።

በዚያን ዘመን ፋሺስቶች ከአክሱም ነቅለው የወሰዱት ሐውልት በሮማ በካፔና በር አደባባይ ቆሞ ነበር። መንገዱ በአጠገቡ ያልፍ ነበርና አበበና አሠልጣኙ አስቀድመው መንገዱን ሲመረምሩ ይህን ሥፍራ በልባቸው ይዘውት ነበር፤ ከዚያ በኋላ እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት የቀረው ጥቂት ስለ ሆነ ለመጨረሻው ፍጥነት ምልክት እንዲሆን ወሰኑ። እንዳሰቡትም ሆነ። አበበ በመጨረሻው ላይ ራዲን ጥሎት ሄደና በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ፤ ራዲ 25 ሴኮንድ ዘግይቶ ገባ። የዛቶፔክ ሰዓት በ8 ደቂቃ ያህል ተሻሻለ። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ ዛሬ በአክሱም ቆሟል፤ አበበ ግን ይህን ለማየት አልታደለም።

ስለ ባዶ እግሩ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጽፏል። ነገሩ ግን ተአምርም ለታይታ የተደረገም አልነበረም። ለውድድሩ የተገኘው አዲስ ጫማ እግሩን ስላልተስማማው፥ የማይስማማ ጫማ አድርጎ እግሩን ከሚያቈስል በልምምድ ጊዜ እንደ ለመደው በባዶ እግሩ መሮጥን መረጠ። ይህ ማስተዋል ነው፤ በውድድር ቀን አዲስ ጫማ ማድረግ ዛሬም ለሯጭ የማይመከር ነገር ነውና። ውስጥ እግሩ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በድንጋይና በአፈር ላይ ደርቆ የጠነከረ ነበር፤ በባዶ እግር መሮጥ የለመደ ሰውም እርምጃውን አሳጥሮ በተረከዙ ሳይሆን በእግሩ ፊት ወይም በመካከሉ ስለሚያርፍ መሬቱ የሚመልስበት ምት ያንሳል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገ የከተማ ልጅ ግን ይህን ሰምቶ ድንገት ጫማውን አውልቆ ረዥም መንገድ ቢሮጥ፥ የእግሩ መዳፍ ቀጫጭን አጥንቶች ሊሰነጠቁበት ይችላሉ። የሚያስደንቀው ሌላ ነው፤ አበበ ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ ጫማ አድርጎ በሮጠ ጊዜ ከሮማው ሰዓት 3 ደቂቃ ከ5 ሴኮንድ አሻሽሏል። እንግዲህ የድሉ ምሥጢር በእግሩ መራቆት አልነበረም።

ከሮማ ከተመለሰ በኋላ ማዕረግና ኒሻን ተሰጠው። በ1953 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር የክብር ዘበኛ አዛዦች በመንግሥት ላይ በተነሡ ጊዜ እርሱም የዚያ ሠራዊት ወታደር ስለ ነበረ ለጥቂት ጊዜ ተይዞ ነበር፤ በነገሩ እጁ እንደሌለበት ታውቆ ተለቀቀና ወደ ልምምዱ ተመለሰ። በዚያው ዓመት በአቴና በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ፤ ቀጥሎም በጃፓን በኦሳካ፥ ከዚያም በቼኮስሎቫኪያ በኮሺሴ አንደኛ ወጣ።

ከእነዚህ ድሎች ይልቅ ለሯጭ የሚያስተምረው ግን በ1955 ዓ.ም. ሚያዝያ 11 ቀን በአሜሪካ በቦስተን የሆነው ነው። አበበና ማሞ ወልዴ ከመነሻው ጀምሮ እጅግ ፈጥነው፥ 29 ኪሎ ሜትር ያህል ሁሉን እየመሩ ሮጡ። ከዚያ በኋላ ቀዝቃዛ ነፋስ ከፊት ለፊት መጣ፥ በኒውተን ያለውም ዳገት ተቀበላቸው፤ የሁለቱም እግር ደከመ። አበበ አምስተኛ፥ ማሞም ዐሥራ ሁለተኛ ሆኑ። አበበ በውጭ አገር ጀምሮ ከፈጸማቸው ማራቶኖች ያላሸነፈው ይህን ብቻ ነው። የደጋ ልጅ ዳገት አሸነፈው መባሉ የሚያስገርም ቢመስልም ምክንያቱ የታወቀ ነው። ጡንቻ በፍጥነት ለመሥራት የሚያቃጥለው ስኳር በአካል ውስጥ የተከማቸው በልክ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ያለ ቍጥብነት የሚሮጥ ሰው ይህን ከ30 ኪሎ ሜትር በፊት ይጨርሰዋል። ቅዝቃዜና ነፋስም ሲጨመሩበት ላብ ያረጠበው ጡንቻ ይኮማተራል። አበበ ይህን ትምህርት እንዳልረሳው በቶኪዮ አሳይቷል።

የቶኪዮው ማራቶን አምስት ሳምንት ያህል ሲቀረው፥ በ1957 ዓ.ም. መስከረም ወር መጀመሪያ ላይ፥ ሆዱን ታመመ። ሐኪሞች መርምረው ሕመሙ ትርፍ አንጀት መሆኑን ስለ ተረዱ ሳይዘገይ ቀደው አወጡት። ይህ ሕመም ካልተቀደመ የሚገድል ነው፤ በዚያን ጊዜም ቀዶ ሕክምናው የሆድን ግድግዳ በሰፊው የሚከፍት ነበር። አበበ ግን በጥቂት ቀኖች ውስጥ ቆሞ ሄደ፥ ሳምንትም ሳይሞላ ከሆስፒታል ወጣ፤ ቀስ በቀስም ወደ ሩጫው ተመለሰ።

ጥቅምት 11 ቀን በቶኪዮ የሆነውን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። በመጀመሪያ ከብዙዎቹ ጋር ሆኖ ሮጠ፤ መንገዱ እየረዘመ በሄደ ጊዜ ግን ተከታዮቹ አንድ በአንድ ቀሩና ብቻውን ቀረ። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ በሆነ ጊዜ የማራቶንን የዓለም ታላቅ ሰዓት አሻሽሎ ገባ፤ ሁለተኛው የእንግሊዙ ባዚል ሂትሊ ከ4 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ደረሰ። አበበ ከገባም በኋላ አልተቀመጠም፤ በሜዳው ሣር ላይ ሆኖ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። በኦሎምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ አከታትሎ ያሸነፈ ከእርሱ በፊት አልነበረም። የሙዚቃው ጓድ የኢትዮጵያን መዝሙር ስላላዘጋጀ በሽልማቱ ጊዜ የተሰማው የጃፓን መዝሙር ነበር። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ማዕረጉን ከፍ አደረጉለት፤ ከሽልማቱም አንዱ ነጭ ቮልስዋገን አውቶሞቢል ነበረ።

ይህ ታሪክ እንደ ተአምር ሲነገር አደጋ አለው። የአበበ ሕመም ፈጥኖ ታወቀ፥ ፈጥኖም ታከመ፤ ቍስሉ ሳያመረቅዝ ዳነ። የብዙ ወራት ልምምድ ያከማቸው ጕልበት ደግሞ በአንድና በሁለት ሳምንት ዕረፍት ብዙ አይቀንስም። ድል ያደረገው ሕመሙን ንቆ ስለ ሮጠ አይደለም፤ ሐኪም የሚያድነው ሕመም ስለ ነበረበትና ስለ ዳነ ነው። በሆድ ቍስል ላይ የሚሮጥ ሌላ ወጣት ስሙን እየጠራ ቢነሣ ግን ስፌቱ ሊፈታበት ይችላል።

የዚህ ሁሉ ተቃራኒ በሜክሲኮ ታየ። በ1959 ዓ.ም. ሐምሌ ወር አበበ በእስፓንያ በዛራውዝ ሲሮጥ እግሩን ታመመና መንገዱን ሳይፈጽም ወጣ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እግሩ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ወደ ጀርመን አገር ሄዶ ታከመ፤ ሆኖም የኦሎምፒኩ ጊዜ ስለ ቀረበ ከማሞ ወልዴ ጋር ተመልሶ ልምምዱን ያዘ። ዕድሜው 36 ዓመት ሆኖ ነበር። ሕዝቡም ሦስተኛውን ወርቅ ይጠብቅ ነበር፤ እንዲህ ያለው የሕዝብ ተስፋ በአንድ ሰው እግር ላይ ሲጫን ምን ያህል እንደሚከብድ የተሸከመው ብቻ ያውቀዋል።

ሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች ከቈላ የመጡት ሯጮች ትንፋሽ ሲያጥራቸው ለኢትዮጵያውያን ግን እንደ አገራቸው ነበር። አየሩ ተስማምቶ ነበረ፥ ልቡም እንደ ነበረ ነበር፤ ያልነበረው እግሩ ነው። ውድድሩ አንድ ሳምንት ሲቀረው ግራ እግሩን አመመው፤ ሐኪሞች ሲመረምሩት በቅልጥሙ አጠገብ ባለው በቀጭኑ አጥንት ላይ ስብራት አገኙና እስከ ውድድሩ ቀን እንዳይቆምበት መከሩት።

እዚህ ላይ ነገሩ ቆም ብሎ ሊታይ ይገባዋል። የሯጭ አጥንት ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ወድቆ ወይም ተመትቶ አይደለም። በየቀኑ በሺህ የሚቈጠር እርምጃ ሲያርፍበት፥ ራሱን የሚጠግንበት ጊዜ ሲያጣ በጥቂት በጥቂቱ ይሰነጠቃል፤ ብዙ ጊዜ ታጥፎ ታጥፎ እንደሚቆረጥ ሽቦ ነው። የሥራ ድካም ያመጣው የጡንቻ ሕመም በሰፊው የሚሰማና በሁለት በሦስት ቀን የሚቀል ሲሆን፥ የአጥንት ስንጥቅ ግን በአንድ ጣት በሚጠቈም ሥፍራ ላይ ያማል፤ ሲሮጡ ይብሳል፥ በኋላም ተኝተው ሳለ ያማል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በራጅ ላይ ላይታይ ስለሚችል ፎቶግራፉ ንጹሕ ነው ተብሎ ሯጩን ወደ ሜዳ መመለስ ስሕተት ነው። የሚድነው በዕረፍት ነው፤ ዕረፍቱም ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ ነው። እንግዲህ ለአበበ የተሰጠው አንድ ሳምንት አጥንቱን ሊጠግን የሚችል አልነበረም።

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ግን ተሰልፎ ተነሣ። ከፊተኞቹ ጋር ሆኖ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጠና ከዚያ በላይ እግሩ ስላልቻለ ከመንገዱ ወጣ። ወርቁን ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ አግኝቶ ለኢትዮጵያ ጠበቀላት። ከመንገዱ መውጣቱን እንደ ሽንፈት የቈጠሩት ሰዎች ነበሩ፤ ይህ ግን ትክክለኛ ፍርድ አይመስልም። በተሰበረ አጥንት 16 ኪሎ ሜትር መሮጡ አስቀድሞ ከልክ ያለፈ ነበርና፥ ሊጠየቅ የሚገባው ለምን ወጣ ተብሎ ሳይሆን ለምን ተሰለፈ ተብሎ ነው። ጥያቄውም የሯጩ ብቻ አይደለም። ሯጭ ሁሉ እሮጣለሁ ይላል፤ ወታደርም የሆነ እንደ ሆነ አልችልም ማለት ነውር ይመስለዋል። ስለዚህ ሯጭን ወደ ውድድር የሚልኩ ሹማምንት የሐኪሙን ቃል ከሜዳልያው በፊት ካላስቀመጡት፥ ታማሚው ራሱ ያስቀምጠዋል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ማሞ ወልዴ ጤነኛ ሆኖ ከጐኑ ባይኖር ኖሮ የዚያን ቀን ጕዳት ድርብ በሆነ ነበር።

ከዚህ በኋላ ስድስት ወር ሳይሞላ፥ በ1961 ዓ.ም. በመጋቢት ወር፥ አበበ ሌሊት አውቶሞቢሉን ሲነዳ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ። በውስጡ እንደ ተያዘ እስከ ንጋት ድረስ ቈየ። የአንገቱ አጥንት ተጐድቶ ነበርና እጁንም እግሩንም ማንቀሳቀስ ተሳነው። በቀናት ውስጥ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ገባ።

በዚህ ሆስፒታል የኅብለ ሰረሰር ጕዳት የሚታከምበትን ክፍል ያቋቋሙት ከናዚዎች ሸሽተው ወደ እንግሊዝ የመጡት ጀርመናዊው የነርቭ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን ናቸው። ከእርሳቸው በፊት ኅብለ ሰረሰሩ የተጐዳ ሰው አልጋ ላይ ተጥሎ ጥቂት ወራት ቈይቶ ይሞት ነበር፤ የሚገድለውም ብዙ ጊዜ ራሱ ስብራቱ ሳይሆን ከመኝታ ብዛት የሚመጣ ቍስልና የሽንት መመረዝ ነበር። ጉትማን ሕመምተኛው ሌሊትም ቀንም በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጥ ሥርዓት አደረጉ፤ ከዚያም የቀረለትን ጡንቻ የሚያጠነክርበት ጨዋታ ሰጡት። በ1940 ዓ.ም. የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ዕለት በሆስፒታሉ ሜዳ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጡ 16 ሰዎችን በቀስት ውርወራ አወዳደሩ።

አበበ በዚያ ስምንት ወር ያህል ተቀመጠ። በሕመሙ ጊዜ ከጐበኙት አንዷ ዳግማዊት ንግሥት ኤልሣቤጥ ነበሩ። የእጆቹ ጕልበት ተመለሰለት፤ የእግሮቹ ግን ለዘወትር ቀረ። ያን ጊዜ ያደረገው ነገር ከሮማውና ከቶኪዮው ድል እኩል ሊነገር ይገባዋል። ሁለት እጅ ብቻ የቀረው ሯጭ ለሁለት እጅ የሚስማማውን ልምምድ ያዘ፤ ቀስት መወርወርንና የጠረጴዛ ቴኒስን ተማረ። በ1962 ዓ.ም. በዚያው በስቶክ ማንደቪል በተደረገው ጨዋታ ቀስት ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ሚያዝያ ደግሞ ወደ ኖርዌይ በእንግድነት ተጠርቶ ሄደ፤ እንግዳ ሆኖ መቀመጥን ግን አልወደደምና በበረዶ ላይ በውሾች በሚሳብ መንሸራተቻ ተወዳድሮ 16 ሰዎች ከነበሩበት ውድድር አንደኛ ወጣ። የሸዋ ሰው በኖርዌይ በረዶ ላይ ውሻ እየነዳ ማሸነፉ ለሰሚ ተረት ይመስላል፤ የተፈጸመ ነገር ግን ነው።

በ1964 ዓ.ም. ወደ ሙኒክ የኦሎምፒክ ጨዋታ በክብር እንግድነት ተጠራ። የማራቶኑ ቀን ጳጉሜን 5 ነበረ፤ ከሮማው ድል 12 ዓመት ሞላው። በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ ማሞ ወልዴ በ40 ዓመቱ ሦስተኛ ሲወጣ ተመለከተ። ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሜዳልያውን ከተቀበለ በኋላ ወደ አበበ ሄዶ እጁን ጨበጠው።

ከአንድ ዓመት በኋላ፥ በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት 15 ቀን፥ በአንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ በ41 ዓመቱ ዐረፈ፤ ሚስቱንና አራት ልጆቹን ትቶ ነበር። ቀብሩ በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን በወታደራዊ ሥርዓት ተፈጸመ። ንጉሠ ነገሥቱም የሐዘን ቀን አውጀው፥ እጅግ ብዙ ሕዝብ ባለበት በቀብሩ ላይ ተገኙ።